ከነቤተሰብዎ

የሠርግ መጥሪያ ካርድ መምረጥ ሰው እየሳቀ የሚሠራው ሥራ ነው ይባላል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ነው የመረጥኩት። ደብረ ታቦር ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ካለች አንዲት ማተሚያ ቤት ተቀምጬ፣ ባለቤቷ ያቀረበችልኝን ወፍራም የናሙና መዝገብ ስገላልጥ፣ ስለ ቀለሙም ስለ ቀለበቱ ሥዕልም አላሰብኩም። የማስበው ስለ አንዲት ሴት ነበር፤ ስለ እናቴ ታላቅ እህት። ካርዱ ታትሞ፣ ቀኑ በወርቅ ቀለም ተጽፎ እጇ ሲገባ ፊቷ ምን እንደሚመስል ነበር የማስበው። ደስ ይለኝ ነበር ብል አልዋሸሁም።

አክስቴና እናቴ ጎረቤት ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር፣ አባታቸው የተወላቸውን ቦታ ለሁለት ተካፍለው በአንድ አጥር ተዋስነው ይኖራሉ። የአክስቴ ባል ቀድሞ ሞቷል። አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፤ ሌላ አልወለደችም። በዕድሜ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ያደግነው አብረን ነው። እርሻዋን የሚያርስላት፣ ከብቷን የሚያስርላት፣ እናቴንም ወንድ በሌለበት ቤት እንደ ወንድ የሚቆምላት እሱ ነበር። አሁን የለም። እኔ ካርድ ስመርጥ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ አክስቴም ሁለት ዓመት ሙሉ ከል እንደ ለበሰች ነበረች። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ነጠላ።

የሞተው እኔን ሊቀበል ሲመጣ ነው። ዓረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርቼ የተመለስኩት ታኅሣሥ ላይ ነበር። አራት ሻንጣና አንድ ቴሌቪዥን ይዣለሁ። ከአዲስ አበባ ሳልነሳ ደወልኩለትና ባሕር ዳር ድረስ ና ተቀበለኝ አልኩት። ውቂያ ላይ ነኝ፣ በሬዎቹ አውድማ ላይ ናቸው፣ ገብሱን ሳላነሳ መሄድ አልችልም፣ እስከ ሰኞ ታገሽኝ አለ። አልታገስኩም። ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስጠርግ ኖሬ የገዛ ሻንጣዬን ራሴ ልሸከም ወይ ብዬ ጮህኩበት። እሺ አለ። ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም ነበር። በማግስቱ ጠዋት የተሳፈረበት ሚኒባስ መንገዱን ሳያጋምስ ተገለበጠ። እኔ ባሕር ዳር መናኸሪያ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስረግመው ዋልኩ። ሰነፍ፣ ቃሉን የማይጠብቅ፣ ከጓሮው ወጥቶ የማያውቅ ባላገር እያልኩ። በዚያ ሰዓት ሬሳው ወደ ደብረ ታቦር እየተጫነ ነበር።

በቀብሩ ቀን አገር በተሰበሰበበት አክስቴ አስለቃሿን ዝም አሰኝታ ራሷ ሙሾ አወጣች። ደረቷን እየመታች፣ እኔ ወዳለሁበት ሳትዞር፣ «የሷ ሻንጣ ቤት ገባ፤ የኔ ልጅ መሬት ገባ» አለች። ስሜን አልጠራችም። መጥራትም አላስፈለጋትም። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ዞሮ እኔን አየ። ሴቶቹ ቃሉን ተቀብለው አዜሙት፤ አንዴ አይደለም፣ አምስቴ አይደለም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውሃ ልቀዳ ስወርድ፣ ገበያ ስሄድ፣ ሰው ሰላም ሊለኝ ሲጎነበስ ያ ሙሾ ከአፉ ጥግ ላይ እንዳለ ይታየኝ ነበር። ነገሩ ውሸት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ውሸት አልነበረም። እሷን አጥብቄ የጠላኋትም ለዚህ ይመስለኛል።

ጠላኋት እንጂ ተኳረፍን አልልም፤ ኩርፊያ የሚታረቁ ሰዎች ነገር ነው። በመካከላችን የነበረውን የቅንጭብ አጥር ነቅዬ ከቁመቴ በላይ የሆነ ቆርቆሮ አሳጠርኩ። ከእናቴ ግቢ ወደ እሷ ግቢ የሚያሻግረውን ቀዳዳ፣ እኔና እሱ በልጅነታችን የምንሾልክበትን፣ በመጀመሪያ የደፈንኩት እሱን ነው። እሷም አልተኛችም። የእናቴ ዶሮ ወደ ግቢዋ ከገባች አትመለስም። የምድጃዋን አመድ ከቆርቆሮዬ ሥር ትደፋለች፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ እኛ ይወርዳል። ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል እንደሚባለው፣ እናቴ ከእህቷ ትዋስ የነበረውን ሁሉ፣ ሙቀጫውንም ወንፊቱንም ገንቦውንም አዲስ ገዛሁላት። እናቴ በአዲሱ ዕቃ ደስ አላላትም። ቀን ቀን በቆርቆሮው ጫፍ እየዞረች ወደ እህቷ ቤት ትሄዳለች፤ እኔ ከተማ ከከፈትኳት ሱቄ ስመለስ እቤታችን ተቀምጣ አገኛታለሁ። የት ዋልሽ አልላትም ነበር።

በእኛ አገር ከል የለበሰ ሰው በገዛ እጁ አያወልቅም። በገዛ እጇ ያወለቀች እናት ልጇን ረሳች ትባላለች። ዘመድ ነጭ ቀሚስ ገዝቶ ይሄዳል፤ በቃሽ፣ እግዜርን አታስቆጭ ብሎ ይለምናታል፤ እንቢ ትላለች፤ ደግሞ ይለምናታል፤ በመጨረሻ በእጁ ያወልቅላታል። የልጁ ሙት ዓመት ሲወጣ እናቴ ቀሚስ አሰፍታ ዘመድ ይዛ ሄደች። አክስቴ እንቢ አለች። የወግ እንቢታ መስሏቸው ደጋግመው ለመኗት። አልነበረም። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ እናቴን ለብቻዋ አስቀርታ፣ «ልጅሽ ትምጣ» አለቻት።

እናቴ ይህን ስትነግረኝ ምሳ እየበላሁ ነበር። እጄን ሳልታጠብ ተነሳሁ። አገር በተሰበሰበበት በሙሾ ያዋረደችኝ እሷ ናት፣ ከፈለገች እሷ ትምጣ አልኩ። እናቴ ቀሚሱን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። እንዲህ ሆኖ ሁለተኛው ሙት ዓመትም አለፈ፤ አክስቴም ከነጥቁሯ ቀረች። ሰዉ ግን የሚያወራው ሌላ ነበር። ልቧ ደነደነ፣ ዘመድ ለምኗት እንቢ አለች፣ ከእግዜር ጋር ተጣላች ይላሉ። እኔ እውነቱን አውቃለሁ፤ ሲያሟትም ዝም ብዬ እሰማለሁ። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

ያጨኝ ሰው ደብረ ታቦር ውስጥ አስተማሪ ነው፤ ወላጆቹ አንበሳሜ እህል ይነግዳሉ። ሽማግሌ ልከው እናቴ እሺ ካለች በኋላ ቀን መቁረጥ መጣ። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ቀድሞ የሚገባበት ነበር። የንስሐ አባታችን በጣታቸው ቆጥረው፣ ከጥምቀት በኋላ ለሠርግ የሚሆን እሑድ ብዙ አለመቅረቱን ነገሩን። የእጮኛዬ ወላጆች የጥር የመጨረሻውን እሑድ መረጡ። እሱ ካለፈ ፋሲካን ማለፍ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እነሱ ለንግድ ይበተናሉ፣ ክረምቱም ይገባል። እናቴ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት የእህቴ ከል ይውለቅ አለች። ከል ከለበሰች ሴት አጥር ሥር ከበሮ አይመታም፤ ይህን የማያውቅ የለም። መጀመሪያ ሐዘንተኛዋ ትጠየቃለች፣ ጥቁሩ ይወልቃል፣ ቀን የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አይሆንም አልኩ። ቀኑ ይቆረጥ፣ ካርዱም ይታተም፣ ያኔ ትሰማለች አልኩ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይሉታል፤ እኔ ምላጩን በካርድ ጠቅልዬ ነው የዋጥኩት።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ልመለስ። እጮኛዬ የሁለታችን ፎቶ ይኑርበት አለ። እናቱ ደግሞ ፎቶ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ይሳልበት ብላ ልካለች። እኔ ቀይ፣ ወፍራም፣ ጠርዙ በወርቅ የተቀባ፣ ከሩቅ የሚያንጸባርቅ ካርድ ነው ያልኩት። ከላይ «ጠሪ አክባሪ ነው» የሚለው ተጽፏል። ከሱ ሥር «ለ» ትልና ነጠብጣብ መስመር ትመጣለች፤ የተጠሪው ስም የሚጻፍበት ነው፤ ከመስመሩ ቀጥሎ ቀሪው ቃል ታትሟል። ሁሉም ካርድ ላይ እንዲህ ነው አለች ባለቤቷ፤ ቃላቱን አንብቢና ስሕተት ከሌለው ፈርሚልኝ ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። አነበብኩ። ቀኑን ሁለት ጊዜ፣ የእናቴን ስም ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ሌላውን ሰው ሁሉ እንደሚያነበው ነው ያነበብኩት፤ እንደ ሰላምታ። ፈረምኩ።

ካርዱ ሲደርስ እጮኛዬ ስሞቹን በሚያምረው እጅ ጽሕፈቱ ይጽፍ ጀመር። እኔ ከጎኑ ሆኜ ስም እጠራለሁ። ከተማ ላሉት፣ ለሥራ ጓደኞቹ፣ ለደንበኞቼ፣ ለሩቅ ጎረቤት። ለሥጋ ዘመድ ካርድ አልተጻፈም፤ ለዘመድ በእግር ተሄዶ፣ ደጅ ተቀምጦ፣ በአፍ ነው የሚነገር። ለእናቴ አጎቶች ጉና ሥር ድረስ በቅሎ ተከራይተን ሄደናል፤ ብርዱ ጆሮዬን ሊቆርጠው ነበር። ካርዱ ለባዕድ ነው። ሊያልቅ ሲል ብዕሩን ከእጁ ወሰድኩና የአክስቴን ስም ራሴ ጻፍኩ። እጮኛዬ አየና፣ ለአክስት ካርድ ይላካል እንዴ አለኝ። ለአክስት አይላክም አልኩት። ገባው። ቀሪዎቹን ካርዶች ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ነው የጻፈው።

ካርዱን ራሴ ወሰድኩት። በሯ ላይ ሰው አልነበረም። ከመዝጊያው ስንጥቅ ውስጥ ሰክቼው ተመለስኩ። ስመለስ የእግሬ ኮቴ እንዲሰማ አጥብቄ እረግጥ ነበር፤ እንዳልፈራኋት እንድታውቅ።

አክስቴ ማንበብ አትችልም። እሑድ ዕለት ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችው፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ደጀ ሰላሙ ላይ ለንስሐ አባታችን ዘርግታ ይህን ያንብቡልኝ አለቻቸው። እናቴ እዚያ ነበረች፤ የነገረችኝ እሷ ናት። ሰዉ ከበባቸው፤ ቀይና የሚያንጸባርቅ ነገር ነውና ማን ሳያይ ያልፋል። ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው፣ የሠርግ ጥሪ መሆኑን ሲያዩ ደስ ብሏቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ። ጠሪ አክባሪ ነው አሉ። የአክስቴን ስም ጠሩ። ከስሟ ቀጥሎ ያለው ላይ ሲደርሱ አፋቸው ተያዘ። አክስቴ፣ «ይጨርሱት አባ» አለቻቸው። «ከነቤተሰብዎ» ብለው አነበቡ።

እምላለሁ፣ አላየሁትም ነበር። የዚያን ቀን ለእናቴም እንዲህ ብዬ ማልኩላት፤ አላመነችኝም። አንድ ልጇን የቀበረች ሴት፣ ባል የሌላት፣ እቤቷ ድመት እንኳ የሌላት ሴት ከነቤተሰብሽ ነይ ተብላ ተጠራች፤ የጠራኋት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከሰው ሁሉ እኔ። ሰው ይህን ስሕተት ነው ብሎ እንዴት ይቀበላል። እኔ ራሴ በሰማሁት አልቀበልም ነበር። እናቴ እንዳለችው አክስቴ አላለቀሰችም። ካርዱን ተቀብላ መልሳ ቋጠረችውና፣ «ከነቤተሰቤ እመጣለሁ በሏት» አለች። ከዚያ ጥቁር ነጠላዋን ደርባ ቁልቁል ወረደች፤ ማንም አልተከተላትም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሰኞ ጠዋት የእድሩ ዳኛ እናቴ ዘንድ መጡ። ድንኳን ይተከል ዘንድ አክስቴ ሳትጠየቅ እንደማይሆን፣ እሷ ሳትፈቅድ የእድሩ ሰው ካስማ እንደማይመታ ተናገሩ። ከበሮ የሚይዙት ሴቶችም አንድ በአንድ ምክንያት አመጡ፤ አንዷ ወገቧን አሟታል፣ አንዷ ከማኅበር ጋር ተጋጭቶባታል። እጮኛዬ ከተማ ውስጥ አዳራሽ እንከራይ፣ እዚያ በአጥር የሚያዋስነን የለም አለ። እናቴ፣ ልጄ ከቤቴ ካልወጣች አዳራሹ ውስጥ አትፈልጉኝ አለች። የእጮኛዬ ወላጆች ቀኑን መለወጥ አይሆንም አሉ፤ የእነሱም ዘመድ ተጠርቷል። በአራት ቀን ውስጥ የቆርቆሮው አጥር እኔን ከዚህም ከዚያም ዘጋኝ። ለእናቴ ቀሚሱን ከሳጥኑ አውጭው አልኳት።

የሄድነው ስድስት ሆነን ነው። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ቄሱ፣ እናቴ፣ እኔ። ነጩን ቀሚስ ታቅፌዋለሁ። አክስቴ በሩን ከፍታ፣ ግቡ ብላ፣ ለሁሉም መቀመጫ ሰጠች። ለእኔም ሰጠችኝ። የልጇ ጋቢ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅሏል፤ አውድማ ሲወርድ የሚለብሰው ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጀመሩ። ሞት የሁላችን ነው፣ ሐዘን ልክ አለው፣ ይህች ልጅ ልጅሽ ናት፣ አጥፍታለች፣ ማሪያት አሉ። አንዱ ጨርሶ ሌላው ቀጠለ። አክስቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ በሆዴ ግን አንቺ ካልኳት ቆይቷል፤ ያን ቀንም ቶሎ ገላግይኝና ልሂድ እያልኩ ነበር የተቀመጥኩት።

ሽማግሌዎቹ ሲያበቁ ወደ እኔ ዞረች። ከቀብሩ ቀን ወዲህ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ካርዱ ባይታተም ኑሮ ትመጭ ነበር?»

ሰው ሁሉ እኔን ጠበቀ። እናቴ በክርኗ ነካችኝ፤ አዎ በይ ማለቷ ነው። አዎ ማለት ቀላል ነበር። ሽማግሌዎቹ ይደሰታሉ፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ቀሚሱ ይለበሳል፣ ድንኳኑ ይተከላል። ልዋሽላት አፌን ከፈትኩ። ግን ይህች ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠላት እውነት ተናግራብኝ እንጂ ዋሽታብኝ አታውቅም።

«አልመጣም ነበር» አልኳት።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። አንደኛው ሽማግሌ ሊያርሙልኝ ቢሞክሩ አክስቴ በእጇ ምልክት አስቆመቻቸው። ከዚያ ወደ እነሱ ዞራ፣ ከበሮውን ይምቱ፣ ድንኳኑንም ይትከሉ፣ በእኔ የተነሳ የሰው ልጅ ሠርግ አይቀርም አለች። ፈቀድኩ ማለቷ ነው። ሽማግሌዎቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ቀሚሱን ይዤ ተነሳሁ፤ ወጉ እንደሚያዘው ላወልቅላት።

«ቀሚሱን መልሽው» አለችኝ። «እሱ ለኔ የመጣ አይደለም። ለቀንሽ የመጣ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ሠርጌ በቀኑ ተሠረገ። ካርዱ ላይ በወርቅ በተጻፈው እሑድ፣ በእናቴ ግቢ፣ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ። አክስቴ ቃሏን አልበላችም፤ ከበሮውን አልከለከለችም፣ አመድ አልደፋችም፣ አልረገመችም። ያደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሯን ከፍታ፣ በጥቁር ልብሷ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ወደ እኛ የሚመጣ ሁሉ በእሷ ደጃፍ ነው የሚያልፈው፤ ሌላ መንገድ የለም። አምሮበት፣ ለብሶ፣ ተቀብቶ የመጣው እንግዳ እሷን ሲያይ እግሩ ይታሰራል። ጎራ ይልና እግዜር ያጽናሽ ይላል። ጥቂት ይቀመጣል። ከዚያ ዓይኑን እየጠረገ ወደ እኔ ሠርግ ይገባል። ከአንበሳሜ የመጡት የባሌ ዘመዶች ሳይቀሩ፣ የማያውቋትን ሴት አጽናንተው ነው የመጡት። ከከበሮው ሥር ተቀምጬ አንድ በአንድ ሲገቡ አያለሁ። የሁሉም ፊት የለቅሶ ቤት ፊት ነው። ያገሩ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የእሷ ቤተሰብ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ነው የእኔ እንግዳ የሆነው። ስጨፍር ጥርሴ ተገጣጥሞ ነበር። የሠርጌ ዕለት የጠላኋትን ያህል ከዚያ በፊት ጠልቻት አላውቅም።

ባሌ ያን ቀን ፎቶ አንሺውን እንዴት አድርጎ እንዳዘዘው አላውቅም፤ አንድም ፎቶ ላይ የእሷ ደጅ አይታይም። እኔ ግን በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ አየዋለሁ። ጾሙ ገባ፤ ፋሲካ መጣ፤ አለፈ። ከከተማ እሑድ እሑድ እናቴን ልጠይቅ እሄዳለሁ። በመንገዱ አልፋለሁ፤ ደጃፏ ላይ ትኖራለች፤ ሰላም አልላትም፤ አትለኝም። እናቴ ስለ ቀሚሱ አንስታ አታውቅም። ግን ሳጥኑ ውስጥ መልሳ አላስገባችውም፤ አልጋው ራስጌ አስቀምጣዋለች። ባየሁት ቁጥር ለቀንሽ የመጣ ነው የሚለው ቃል ይነሳብኛል። ዳግም እንዳልመጣባት ቆርጣ የሰጠችኝ መልስ ነበር የመሰለኝ። ቀስ እያለ ግን ሌላ ነገር መሰለኝ፤ ለቀን ሳይሆን ለእሷ ብሎ ለሚመጣ ሰው በሯን እንዳልዘጋች። ይህን ማሰብ አልወደድኩም። ሥራ ላይ እያለሁ ይመጣብኛል፤ ለደንበኛ ዕቃ ሳቀብል እጄን አቆማለሁ።

አንድ ማክሰኞ ግንቦት ላይ ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ። ገበያ አይደለ፣ በዓል አይደለ፣ የማንም ማኅበር አይደለ። ለባሌ አልነገርኩትም። እናቴ ቤት ገብቼ ቀሚሱን ከራስጌው አንስቼ ወጣሁ፤ እናቴ ጓሮ ድንች ትኮተኩት ነበር፤ አላየችኝም። አክስቴ ደጃፏ ላይ ገብስ ዘርግታ ለዘር የሚሆነውን ትለቅማለች። የራሷ ገብስ አይደለም፤ መሬቷን አርሶ ምርቱን እኩል የሚያካፍላት ጎረቤት ያመጣው ነው። ስገባ ቀና አላለችም።

«ዛሬ ምን አለ?» አለችኝ።

«ምንም የለም።»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«የሉም።»

«እናትሽ ላከችሽ?»

«አታውቅም።»

ገብሱን መልቀም ቀጠለች። እኔ ቆሜያለሁ። ቁጭ በይ አላለችኝም፤ ሂጅም አላለችኝም። የያዝኩት ቀሚስ ክብደት የለውም፤ ክንዴ ግን ደከመኝ። መለመን ወጉ ነው፤ ሦስቴ ልለምናት ይገባል። ባልለምናት ቂም ይሆናል፣ ብለምናት ደግሞ ውሸት ይሆናል። ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ አኖርኩትና እዚያው ተቀመጥኩ። ገብሱን ስትጨርስ ወንፊቱን ወደ ጎን አደረገች፤ ቀሚሱን በእጇ ዳሰሰች፤ ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ አየችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ተከትያት ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች።

ሻሿን ፈታሁ። ጸጉሯ ያኔ በሐዘኑ ተላጭቶ ከዚያ ወዲህ ያልተሠራ ነው፤ ነጭ ሆኗል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየሁት ነገር ነው። ጥቁሩ ቀሚስ አንገቱ ጠባብ ነበር፤ ላወልቅላት ሲያቅተኝ እሷ አልረዳችኝም። ጥቁሩ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ እንደ ደረሰ ድንገት ተናገረች።

«ይቅር አላልሁሽም» አለች።

«እኔም አላልኩዎትም» አልኳት።

ከዚያ ማውለቁ እንዲቀለኝ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ አነሣች።